የበረዶ ድርሻ

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀረ። ሐይቁ ሸሸ። ጀልባ ይታሰርባቸው የነበሩት ግንዶች ደረቅ ጭቃ ላይ ቆመው ቀሩ። ውሃው ሲሞቅ ዓሣው ወደ ጥልቁ ገባ፤ የተጣለው መረብ ባዶውን ወጣ። ሁለት ሰዎች ጀልባቸውን ፈልጠው ለማገዶ ሸጡ። አንደኛው በገንዘቡ ዱቄት ገዛበት፣ ሌላው ጠጣበት። መብራት መጣ ሲሉት ይጠፋል፤ ጠፋ ሲሉት ጠፍቶ ይሰነብታል። በተቅማጥ ሦስት ሕፃናት ሞቱ። አንዱ ገና ስም አልወጣለትም ነበር።

ዓሣው የተመለሰው መረብ ጠጋኟ ሞታ በተገኘችበት ጠዋት ነው።

በረዶ ሻጩ በዚያ ሰዓት የቆርቆሮ ቅርጾቹን ገልብጦ ጀርባቸውን በመዶሻ እየመታ በረዶ ያወጣ ነበር። ሚስቱ በጓሮ በር ገባች። ሻሿን በእጇ ይዛለች።

“እማማ አርፈዋል” አለችው።

አንድ ጊዜ መታ። በረዶው ተንሸራቶ ሰጋቱራው ላይ ወደቀ።

“መቼ?”

“ሌሊት ይሆናል። ዓሣ ቸርቻሪዋ ጠዋት ውሃ ልታደርስላቸው ብትገባ እንደተቀመጡ አገኘቻቸው። መርፌው እጃቸው ላይ ነው። መረቡን አልጨረሱትም።”

“የማን መረብ ነው?”

“የሊቀመንበሩ።”

ከሐይቁ በኩል ፉጨት ተሰማ። አንዱ ጀልባ ሲያፏጭ ሌላው ተቀበለው። ዓሣ ገብቷል ማለት ነው። እንዲህ ያለ ፉጨት ከተሰማ ወራት አልፈዋል። ሚስቱ ወደ ፉጨቱ ዞረች፤ እሱ አልዞረም። በረዶውን በዓይኑ ይለካ ነበር። መብራት በጠፋ ቁጥር ማሽኑ እየቆመ የተሠራው በረዶ ትንሽ ነው። ለጀልባዎቹ ይበቃል። ለጀልባዎቹና ለአንድ ሬሳ አይበቃም።

ነገሩ የቆየ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት እሱና ታናሽ ወንድሙ የአባታቸውን ቤት ሸጠው የበረዶ ማሽን ለመግዛት ተስማሙ። እሱ ማሽኑን ሊያመጣ ወደ ከተማ ሄደ። ወንድሙ በዚያው ሰሞን ሐይቅ ገብቶ ጀልባው ተገለበጠበት። ሬሳው ደንገሉ መሀል ሲታይ ጀልባዎቹ ሁሉ ውሃ ላይ ነበሩ፤ ያን ቀን ዓሣው እንደ ጉድ ይወጣ ነበር። ከአጥማጆቹ አንዱ፣ “ሬሳ የትም አይሄድም፣ ዓሣ ነው የሚሄደው” አለ። ሌሎቹ ሳቁና መረባቸውን ጣሉ። ሬሳውን ጎትታ ያወጣችው መረብ ጠጋኟ ናት። ቀኑንም ሌሊቱንም በትር ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች፤ ውሻውንም አሞራውንም አባረረች። በረዶ ሻጩ ከከተማ ሲደርስ የሟቹ ጆሮ እንኳ አልተነካም ነበር።

ከቀብር መልስ በረዶ ሻጩ ማሽኑን እንደተጫነ ሊመልሰው ተነሣ። ለዚህ መንደር አንዲት ፍንካች በረዶ እንደማይሠራ ማለ። መረብ ጠጋኟ መጥታ መኪናው ፊት ቆመች።

“ውለታዎን ልክፈል ስትል አልነበረም?” አለችው።

“እከፍላለሁ። ምን ልክፈልዎ?”

“እንግዲያው ማሽኑን እዚሁ ትከለው። እኔ በሕይወት እስካለሁ ድረስ በረዶ ሊወስድ የመጣን ሰው ‘ገንዘብ ይዘሃል?’ አትበለው። ስሞት ደግሞ ልጄ ፊቴን ሳታይ አፈር እንዳታለብሱኝ።”

“ለነዚህ ሰዎች ነው እንዲህ የሚሉኝ? ወንድሜን ለአሞራ ለተዉት?”

“ክፉዎች ናቸው” አለች። “ግን ይርባቸዋል። የተራበ ክፉ ከጠገበ ክፉ ይብሳል። አብሬያቸው የምኖረው ደግሞ እኔ ነኝ።”

ማሽኑ ወረደ።

ገንዘብ ካልጠየቀ በምን ሊኖር ነው? አስቦ አስቦ አንድ መላ አገኘ። ጀልባ ሲወጣ በረዶውን ይወስዳል፤ ሲመለስ ከአሥር ዓሣ አንዱን ይሰጣል። ዓሣ ካልያዘ ምንም የለበትም። ይህንን “የበረዶ ድርሻ” አሉት። በፊት ከተያዘው ግማሹ ሸትቶ ይደፋ ነበር። ከከተማ በመኪና የሚመጣው ተረካቢም ይህን ስለሚያውቅ ፀሐይዋ እስክትከር ጥላ ሥር ተቀምጦ ይጠብቅና በፈለገው ዋጋ ይጭን ነበር። በረዶ ሲመጣ ዓሣው ማደር ቻለ። ዓሣው የሚያድርለት ሰው ደግሞ “በዚህ ዋጋ አልሸጥም” ማለት ይችላል። ዋጋው እጥፍ ሆነ። የሣር ጣሪያው በቆርቆሮ ተተካ። በረዶ ሻጩም በጥሬ ገንዘብ ቢሸጥ ያገኝ ከነበረው በላይ አገኘ። ዓሣ መብላት በብልሃት ነው እንደሚባለው ሆነለት። አንድ ጊዜ ከመሥሪያ ቤት የመጡ ሰዎች መንደሩን ሰብስበው፣ ነጋዴ ራሱንም ጎረቤቱንም የሚጠቅመው እንዲህ ሲሠራ ነው ብለው ንግግር አደረጉ፤ የምስጋና ወረቀትም ሰጡት። ሚስቱ ወረቀቱን የዱቄት ጣሳ ከደነችበት። እሱ ለጎረቤት ብሎ ያደረገው ነገር አልነበረም። ዕዳ ነበረበት።

የጠዋቱ ፉጨት ገና ሳያባራ የአጥማጆቹ ማኅበር ሊቀመንበር ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ ባዶ ሳጥን ይዞ እየሮጠ መጣ።

“በረዶ” አለው፤ መንደሩ ሁሉ የሚጠራው በዚህ ነው። “ያለህን ሁሉ አውጣ ወንድሜ። ሐይቁ ዓሣ ተፍቷል።”

“እማማ አርፈዋል።”

“ሰማሁ፤ ነፍስ ይማር። ምን ይደረጋል፣ ዕድሜ ጠግበዋል።” ሳጥኑን መሬት ላይ አኖረ። “ከሰዓት እንቀብራቸዋለን፣ ነገ ተረካቢው ሲመጣ ዓሣችንን እንሸጣለን። ሁሉም በተራው።”

“ልጃቸው ሳትመጣ አይቀበሩም።”

“ልጃቸው ሰው ቤት ተቀጥራ የት አገር ነው ያለችው? ብትበር ነገ ማታ ነው የምትደርስ። በዚህ ሙቀት?”

“ይደወልላታል። እስክትደርስ በረዶ ውስጥ ይቆያሉ።”

ሊቀመንበሩ ቀልድ መስሎት ሳቅ አለ። ቀልድ እንዳልሆነ ሲያውቅ ተቆጣ። መንደሩ ወራት ሙሉ ጦሙን እንዳደረ፣ ልጆች እንደተቀበሩ፣ ይህ ዓሣ ዛሬ ካልተያዘ ነገ መኖር አለመኖሩን የሚያውቅ እንደሌለ ዘረዘረ። ያለው ሁሉ እውነት ነበር። በረዶ ሻጩም እውነት መሆኑን ያውቃል።

“ስማኝማ” አለ ሊቀመንበሩ በመጨረሻ። “ሬሳ የትም አይሄድም። ዓሣ ነው የሚሄደው።”

በረዶ ሻጩ መዶሻውን አስቀመጠ። ያን ቃል ያን ጊዜ የተናገረው ማን እንደሆነ በስምንት ዓመት ውስጥ ማንም አልነገረውም፤ እሱም አልጠየቀም። አሁን ከተናጋሪው ከራሱ አፍ ሰማው። ሰውየው ግን ከዚህ በፊት ማለቱን እንኳ ረስቶታል።

“የእናንተ አይነካም” አለው። “ለእማማ የማደርገውን ለድርሻዬ ካስቀመጥኩት በረዶ አወጣለሁ።”

“ዓሣህስ?”

“እሱ የኔ ጉዳይ ነው።”

ሚስቱ ሊቀመንበሩ እስኪሄድ ጠበቀች። ከዚያ ተራዋን ተናገረች። ናፍጣ የተወሰደበት ሱቅ ከዚህ በኋላ በዱቤ አልሰጥም ብሏል። የማሽኑ ሞተር ጥገና ይፈልጋል። የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ አልፎበታል። ክፉው ወቅት ያለፈው ለዚህ ቀን ነበር፤ ዛሬ ከየጀልባው የሚደርሰው ድርሻ ይህን ሁሉ ይሸፍናል። ያለ በረዶ ግን እስከ ማታ አይቆይም።

“የሞተ ሰው ዕዳ አይጠይቅም” አለችው።

“ለዚህ ነው የሚከብደው” አላት።

በረዶውን መያዣ ሌላ ዕቃ አልነበረም። የዓሣ ሳጥኖቹን በሐይቅ ውሃ ሁለት ጊዜ አለቀለቃቸው። ንጹሕ መሰሉት። ያየው ሁሉ ንጹሕ መሰለው። ሳጥኖቹን በጋሪ ሲገፋ ሊቀመንበሩ ከኋላ መጥቶ አገዘው፤ ሰው እንዳይታዘበው ነው።

የመረብ ጠጋኟ ቤት አንድ ክፍል ነበረች። ከግድግዳው እስከ ግድግዳው መረብ ተንጠልጥሏል፤ በመሀሉ ማለፍ ጎንበስ ማለት ይጠይቃል። ሴቶቹ አስተኝተዋታል። መረቡ ገና ጣቶቿ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ሊቀመንበሩ በረዶውን አስገብቶ ካወረደ በኋላ ተንበረከከ፣ መረቡን ከጣቶቿ ፈታ፣ ያልተጠገነውን ቀዳዳ ወደ ብርሃን አድርጎ አየው። “ይሁን፣ ይሠራል” አለና ትከሻው ላይ ጥሎት ወጣ። መርፌው አብሮት ሄደ።

በረዶውን ሰባብረው ከሥርም ከጎንም አደረጉላት፤ ላስቲክ አልብሰው ሰጋቱራ ነሰነሱበት። በረዶ ሻጩ የአሮጊቷን በትር ከጥግ አንሥቶ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

እኩለ ቀን ላይ ጀልባዎቹ ውሃው ጫፋቸው እስኪደርስ ተጭነው ተመለሱ። እያንዳንዱ እንደ ወትሮው ድርሻውን ቆጥሮ የበረዶ ቤቱ በር ላይ አፈሰሰ። ክምሩ እስከ ጉልበት ደረሰ። ሚስቱ ትልልቆቹን መርጣ በተረፈው በረዶ ቀበረች። የቀረው ፀሐይ ላይ ነበር። ባሏ ልጁን ልኮ፣ የፈለገ ወስዶ ይብላ አለ። ሰዎቹ መጡ። ሲያነሡ ፈጣኖች ነበሩ። የበሉት ጥቂቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ ከየሳጥናቸው በረዶ ሥር፣ ከሚሸጡት ጋር ሸጎጡት። በረዶ ሻጩ ከተቀመጠበት ሆኖ ያያል።

ማምሻውን ቸርቻሪዋ አንድ ኩባያ ውሃ ይዛ መጣች። በሳፋ ዓሣ ተሸክማ ገበያ የምታዞር ሴት ናት። ስም ሳይወጣለት የሞተው ሕፃን የሷ ነበር። ከተደፋው ዓሣ አላነሣችም፤ ስትደርስ አልቆ ነበር። ውሃውን ሰጠችውና ትንሽ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

“የኔውስ ቶሎ ነው የገባው” አለች። “በሞተ በሁለት ሰዓቱ። ሁሉም ሥራ ነበረበት።”

ውሃውን ጠጣ።

“አንተ ጥሩ ሰው ነህ።”

“ዕዳ ነው” አላት፣ ኩባያውን እየመለሰ።

ሽታው የሳባቸው ውሾች ሌሊቱን ሙሉ መጡ። ሌሊቱን ሙሉ አባረራቸው።

ጠዋት የተረካቢው መኪና ገባ። ዓሣው ግን ከመኪናው በላይ ነበር። ሊቀመንበሩ ከሁሉ ቀድሞ ወደ ጋቢናው ሄዶ፣ አንድ እግሩን መርገጫው ላይ አድርጎ ከተረካቢው ጋር ሲንሾካሾክ ቆየ። ከዚያ መጫን ተጀመረ። የበረዶ ሻጩ ሚስት ባሏን በእማማ ደጃፍ ትታ ያተረፈቻቸውን ትልልቅ ዓሣዎች በጋሪ ይዛ ቀረበች። ተረካቢው ቀና ብሎ እንኳ አላያቸውም።

“የናንተን አልወስድም እህቴ።”

“ለምን?”

“ሬሳ ከተኛበት ክፍል የወጣ ዓሣ ለማን ልሸጠው ነው?”

ሴትየዋ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረች። “አንተ አይደለህም እንዴ በጋሪ አብረህ የገፋኸው? ቤታቸው ነው የተኙት። አንተው አስገብተህ አይደል በረዶውን ያወረድከው?”

ሊቀመንበሩ የሳጥን ገመድ ያጠብቅ ነበር። “እኔ የገፋሁትን ነው የማውቀው” አለ። “ክፍላችሁ ውስጥ ምን እንዳለ ገብቼ አላየሁም።”

ሌሎቹም ሁሉ ያውቁ ነበር። መኪናው ላይ ለእሷ ዓሣ የሚሆነው ቦታ ለእነሱ ዓሣ ሆነ። ዓሣው ተጭኖ ሲያበቃ ተረካቢው ሒሳቡን ይዞ ወረደ፤ ወሬው ከተማ ከደረሰ እኔም እከስራለሁ ብሎ ከሁሉም ላይ ሢሶ ቀነሰ። አጉረመረሙ፤ ተቀበሉ። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል። ከሰዓት በኋላ የበረዶ ሻጩ ሚስት የተመለሱትን ዓሣዎች ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረች። ለባሏ ነገረችው። ሰምቶ፣ “ለእማማ በረዶ ጨምሩላቸው፣ ከሥር እየቀለጠ ነው” አላት።

ልጅቷ የደረሰችው ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። የከተማ ጫማዋ አሸዋው ውስጥ እየሰመጠ፣ ትንሽ ቦርሳ ይዛ መጣች። የመንደሩ ሰው ተከትሏት ደጁን ሞላው። በመረቦቹ መሀል ጎንበስ ብላ አለፈች፤ ላስቲኩን ገለጠች። አላለቀሰችም። እጇን አፍንጫዋ ላይ አደረገች።

“ምንድን ነው የሚሸተኝ?”

ሰዎቹ ተያዩ። ማንንም ምንም አልሸተተውም። በዓሣ ተወልዶ በዓሣ ያረጀ አፍንጫ ዓሣን አይለየውም። ሳጥኖቹ፣ ያለቀለቃቸው ውሃ፣ የራሱ እጅ ሁሉ ዓሣ ዓሣ እንደሚሉ በረዶ ሻጩም ያን ጊዜ ነው ትዝ ያለው።

“ዓሣ ነው” አለች ልጅቷ። “እናቴ ዓሣ ዓሣ ትላለች። ማነው በዓሣ ሳጥን በረዶ ያደረገባት?”

“እኔ ነኝ” አላት።

“ልትሸጣት ነበር?”

ከኋላ ሊቀመንበሩ ራሱን ነቀነቀ። “እኔም አይሆንም ብዬ ነበር” አለ ዝግ ባለ ድምፅ።

ልጅቷ በረዶ ሻጩን በጥፊ መታችው። ቸርቻሪዋ ልትናገር አፏን ከፈተች፤ ሰው ሁሉ ዝም ማለቱን አይታ ዘጋችው። እሱ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም።

“ፊታቸውን አይተሻል?” አላት።

“አይቻለሁ።”

“ተለውጠዋል?”

መልሳ ወደ እናቷ ዞረች። አሁን ረጅም ጊዜ አየች። ግንባሯን በጣቷ ነካች፤ ጉንጯን ነካች።

“አልተለወጠችም” አለች።

“እንግዲያው ጨርሻለሁ።”

በትሩን በሩ ላይ አስደግፎ፣ ሰዎቹን እየከፈለ ወጣ።

በማግስቱ ተቀበረች። ሊቀመንበሩ መቃብሩ ላይ ቆሞ ተናገረ፤ ይህ መንደር ሟቹን እንደማይጥል፣ ሁሉም አንድ ሆኖ እናቱን እንደጠበቀ፣ ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ በረዶ ያለው በበረዶው እንዳገዘ። አንዳንዱ አለቀሰ። በረዶ ሻጩ ከኋላ ቆሞ አፈሩ ሞልቶ እስኪደለደል ጠበቀ፤ ከሁሉ በኋላ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ባለው ጠዋት መብራት ነበረ። ማሽኑ ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ በረዶው ሰጋቱራው ውስጥ ተደርድሯል። ሐይቁ ዳር ፉጨት አለ። አጥማጆቹ ባዶ ሳጥን ይዘው በሩ ላይ ተሰለፉ። ፊተኛው ሊቀመንበሩ ነው። ሳጥኑን እንደ ወትሮው በእግሩ ገፋ አደረገ።

“በል በረዶ፣ ዛሬ እንኳ እንግዳ የለብህም። ሞላ አድርገው።”

ከኋላው ያሉት ሳቁ። በረዶ ሻጩ መዶሻውን እንደያዘ አየው።

“ገንዘብ ይዘሃል?” አለው።

ሳቁ ትንሽ ቀጠለ፤ ከዚያ ከፊት ወደ ኋላ እያለ ጠፋ።

“ምን አልክ?”

“ገንዘብ ይዘሃል ወይ አልኩህ።”

“መቼ ይዤ መጥቼ አውቃለሁ? ድርሻህን ማታ…”

“ድርሻ ቀርቷል።”

ሚስቱ ከኋላ እጅጌውን ሳበች። በዝግታ ነገረችው። ከነዚህ ሰዎች ኪስ ውስጥ ሳንቲም የለም፤ ከትናንት ወዲያ ያገኙትም ለዱቤ ዕዳ አልቋል። በረዶው ቀልጦ ውሃ ይሆናል፣ ዓሣውም ይሸታል፤ ተረካቢው ደግሞ እንደ ድሮው ጥላ ሥር ተቀምጦ ይጠብቃል። ከሁሉ አብልጦ የሚከስረው እሱ ራሱ ነው። ሁሉንም ከሷ በተሻለ ያውቀዋል። እጅጌውን አስለቀቀ፣ ጎንበስ ብሎ ሰጋቱራውን በረዶው ላይ መለሰ።

“ለሰው ሞት አነሰው ማለት ይህ ነው” አለ ሊቀመንበሩ። “ያንን ሁሉ ዓመት አብረን በልተን።” ምራቁን ተፍቶ ባዶ ሳጥኑን አነሣና ከሰልፉ ወጣ።

ቀጥላ የቆመችው ቸርቻሪዋ ናት። ሳፋዋን አስቀምጣለች። አንገቷን ደፍታ ነበር፤ ሰልፉ ዝም ሲል ቀና አለች። አልለመነችም። አየችው ብቻ። እሱም አያት፤ የሰጠችውን ኩባያ ውሃ አልረሳውም። መዶሻውን አነሣ። በረዶው ከሰጋቱራው ሥር ትንሽ ትንሽ እየቀለጠ ይንጠባጠብ ነበር።

መዶሻውን መልሶ አስቀመጠው።

“አንቺስ?” አላት።